በኤምቢድ ጉልበት ላይ ቤት አይሠራም

ክርክሩ የቆየ ነው። አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ትልቅ ኮከብ አለው። ኮከቡ ሜዳ ሲገባ ቡድኑ ያሸንፋል፤ ነገር ግን እንከን አለበት፣ ያውም ሁሉም ሰው የሚያየው እንከን። ታዲያ ቡድኑ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ በዚህ ሰው ዙሪያ ይሠራ? ወይስ ሌላ ምሰሶ ይፈለግ? የፊላደልፊያ ሲክሰርስ ደጋፊዎች ይህንን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጋፍጠውታል፤ መጀመሪያ በአለን አይቨርሰን፣ ቀጥሎ በጆኤል ኤምቢድ። እኛም ከፊላደልፊያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዓይናችንን እያሸን ሁለቱንም ስናይ የኖርን ሰዎች ነንና አቋማችንን ሳናድበሰብስ እንናገር። በአይቨርሰን ዙሪያ መሥራት ትክክል ነበር። በኤምቢድ ዙሪያ መሥራት ግን ስህተት ነው።

«እንዴት? አይቨርሰን እኮ ከኤምቢድ የባሰ እንከን ነበረበት!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። የኤንቢኤ ውድድር በአንዱ ዓመት መኸር ተጀምሮ በቀጣዩ ስለሚያልቅ በጭረት የተያያዙ ሁለት ዓመቶች ስታዩ አትደናገሩ።)

አይቨርሰንን እናስታውስ። በዚያን ዘመን 3 ቁጥር ማሊያ ለብሶ፣ ጸጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ ከአባቱ ጋር የተጣላ የሰፈር ልጅ የማያውቅ አለ? ሰውየው በ1996 ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ቁመቱ 183 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በግዙፎች መሃል ሲቆም ግን ያንንም የሚያክል አይመስልም ነበር። ኳስ ይወዳል፣ መወርወር ይወዳል፣ ከወረወረው ውስጥ ከግማሽ በላዩን ይስታል። በ2000-01፣ ማለትም የዓመቱ ኮከብ ተብሎ በተሸለመበት ውድድር እንኳ ከመቶ ሙከራ 42ቱን ብቻ ነው ያገባው። ልምምድ ላይ ደግሞ አይታመንም። በ2002 ጋዜጠኞች ሰብስቦ «ልምምድ» የምትለዋን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ እየደጋገመ የተናገረውን ዛሬም ድረስ ልጆች ያስመስሉታል።

እንግዲህ ይህን ሰው ይዞ ምን ይደረጋል? አሰልጣኙ ላሪ ብራውን ያደረገውን እዩ። አጭሩን ልጅ ከኳስ አቀባይነት አውጥቶ አግቢ አደረገው። አጠገቡ ኤሪክ ስኖውን አቆመ፤ 191 ሴንቲ ሜትር፣ ነጥብ የማያሳስበው፣ የተቃራኒውን ቡድን ትልቁን ጋርድ ተከትሎ የሚውል ሰው። አሮን ማኪን፣ ጆርጅ ሊንችን፣ ታይሮን ሂልን ጨመረ፤ ሁሉም መከላከል የሚወዱ፣ ኳስ ባይነኩ የማይከፉ ናቸው። በመጨረሻም በ2001 መጀመሪያ የኮንጎውን ግንብ ዲኬምቤ ሙቶምቦን አስመጣ። አይቨርሰን ሲስት ኳሷን የሚለቅም ነበር፤ አይቨርሰን ሲያመልጠው ከኋላ የሚያግድ ነበር። ውጤት? 56 ድል። የዓመቱ ኮከብ አይቨርሰን፣ የዓመቱ አሰልጣኝ ብራውን፣ የዓመቱ ተከላካይ ሙቶምቦ፣ የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ማኪ፤ አራቱም ከአንድ ቡድን። ከዚያም ፍጻሜ። በዚያ ፕሌይኦፍ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፉትን ሌከርሶች በገዛ ሜዳቸው በጭማሪ ሰዓት 107 ለ101። አይቨርሰን ብቻውን 48 ነጥብ።

በቀጣዮቹ አራት ጨዋታዎች ተሸንፈዋል፣ እናውቃለን። ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንትን ይዞ ያልቻለ ቡድን ስለተሸነፈ የሚወቅስ ካለ ይውቀስ። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው። የአይቨርሰን እንከን በሌሎች ሰዎች የሚሸፈን እንከን ነበር። ቁመት ታበድራለህ፣ መከላከል ታበድራለህ፣ ትዕግሥት ታበድራለህ። ሰውየው ግን በየማታው እዚያ አለ። ተመትቶም፣ ወድቆም፣ አንክሶም በጨዋታ በአማካይ 42 ደቂቃ ይሮጥ ነበር። ስለዚህ በዙሪያው የተሠራው ቤት ምሰሶው የት እንዳለ ያውቅ ነበር።

ፊላደልፊያ በአይቨርሰን ላይ የተሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ብራውን በ2003 ሄደ፣ እነዚያ ሠራተኞችም ተበተኑ። ቡድኑ ግን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ምሰሶውን አቅፎ ቆየ። በ2005-06 አይቨርሰን በጨዋታ በአማካይ 33 ነጥብ እያስቆጠረ ቡድኑ 38 አሸንፎ 44 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጪ ቀረ። በዲሴምበር 2006፣ በ31 ዓመቱ፣ ወደ ዴንቨር ተላከ። በምትኩ አንድሬ ሚለር፣ ጆ ስሚዝና ሁለት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫዎች መጡ። የዓመታት ንጉሥ በዚህ ዋጋ ሄደ።

አሁን ወደ ኤምቢድ።

ኤምቢድ የያውንዴ ልጅ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ሲሆን በ2011 የአገሩ ልጅ ሉክ ምባ አ ሙቴ ባዘጋጀው ካምፕ ታይቶ ነው ወደ አሜሪካ የተሻገረው። ከሦስት ዓመት በኋላ በድራፍት ሦስተኛ ተመረጠ። በ2023 የዓመቱ ኮከብ ሲባል፣ ከኦላጁዋን በኋላ አፍሪካ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ዋንጫ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነበር። (ስቲቭ ናሽ ጆሃንስበርግ ተወልዷል፤ ግን በጨቅላነቱ ካናዳ ስለገባ ለእኛ ካናዳዊ ነው።) ኦላጁዋንን በቪዲዮ ነው የምናውቀው። በዓይናችን ካየናቸው ሴንተሮች ግን እንደ ኤምቢድ 213 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ እንደ ጋርድ የሚደንስ አላየንም። ስለዚህ የምንለው ነገር ከጥላቻ የመጣ አይደለም።

እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ አይኖርም። ተጎድቶ፣ ታሞ፣ ቀዶ ጥገና ላይ ሆኖ፣ እያገገመ፣ እንዲያርፍ ተብሎ። ከተመረጠበት ከ2014 ጀምሮ እስከ 2024-25 ባሉት አሥራ አንድ ውድድሮች ሲክሰርስ በመደበኛው ወቅት 883 ጨዋታ አድርጓል። ኤምቢድ የተሰለፈው በ452ቱ ነው። ከግማሽ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በእግሩ አጥንት ስብራት ምክንያት አንድም ደቂቃ አልተጫወተም፤ በ2024-25 ደግሞ 19 ጨዋታ ብቻ። ለመሆኑ ከሁለት ቀን አንዱን ብቻ የሚከፈት ሱቅ ላይ ማን ነው የወር አስቤዛውን የሚመሠርተው?

የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አንደብቅም፣ እንዲያውም እኛው እናንሳው። 2023-24። በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ኤምቢድ ሳን አንቶኒዮ ላይ 70 ነጥብ አስቆጥሮ ዊልት ቻምበርሌይን ለዚህ ቡድን የያዘውን የ68 ነጥብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስምንት ቀን ቆይቶ ከጎልደን ስቴት ጋር ሲጫወቱ ሰው እግሩ ላይ ወደቀበትና የግራ ጉልበቱ ሜኒስከስ ተጎዳ። በዚያ ዓመት ሲክሰርስ እሱ በተሰለፈባቸው 39 ጨዋታዎች 31 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። እሱ በሌለባቸው 43 ጨዋታዎች 16 አሸንፎ 27 ተሸነፈ። ወዳጆቻችን ይህንን ቁጥር እንደ ማስረጃ ያነሱታል፤ «ያው! ሲኖር ሻምፒዮን ነን፣ ሳይኖር ምንም ነን፤ እንግዲህ በማን ዙሪያ ልንሠራ ነው?»

እኛ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ይዘን የተገላቢጦሹን እናነባለን። አንድ ቡድን አንድ ሰው ሲጎድል ከታላቅነት ወደ ከንቱነት የሚወርደው ሰውየው ታላቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የቀሩት ሰዎች የተመረጡት ለእሱ ስለሆነም ነው። ኳስ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ሌላው ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ይጠብቃል። እሱ ሲጠፋ የሚጠብቁት ሰው የሌላቸው ጠባቂዎች ይቀራሉ። በ2019 ቶሮንቶ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሰባተኛ ጨዋታ፤ የካዋይ ሌናርድ ኳስ ብረቱን አራት ጊዜ ነጥሮ ገባና 92 ለ90 ተሸነፉ፣ ኤምቢድም አለቀሰ። ሁሉም የሚያወራው ስለዚያች ኳስ ነው። እኛን የሚያስገርመን ሌላ ነው። ኤምቢድ በዚያ ጨዋታ 45 ደቂቃ ሲጫወት ቡድኑ በዚያ ጊዜ በ10 ነጥብ ይመራ ነበር። እሱ ውሃ ሊጠጣ በተቀመጠባቸው ሦስት በማይሞሉ ደቂቃዎች ግን በ12 ተበለጠ! ሦስት ደቂቃ መኖር የማይችል ቡድን ሦስት ወር እንዴት ይኖራል?

«እንደ አይቨርሰን እንከኑን በሰው መሸፈን አይቻልም?» ተሞክሯል። በዚያው በ2019 ክረምት ክለቡ አል ሆርፎርድን በአራት ዓመት እስከ 109 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል አመጣ፤ ኤምቢድ ሲኖር አጠገቡ፣ ሳይኖር በቦታው እንዲሰለፍ። ጂሚ በትለር በዚያው ክረምት ወደ ማያሚ ሄዶ በ2020 እና በ2023 ለፍጻሜ ደረሰ። ሆርፎርድና ኤምቢድ አብረው ሲቆሙ ግን መንገዱ ተጨናነቀ። ከአንድ ውድድር በኋላ ሆርፎርድ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተሸኘ፤ ሸክሙን ለመውሰድ የተስማማው ክለብ ደግሞ በላዩ የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ምርጫ ተቀበለ። ነገርየው እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያ ዕዳ እየተንከባለለ እስከ 2025 ደረሰ፤ ፊላደልፊያ በዕጣው ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ውስጥ ባትገባ ኖሮ ምርጫዋ ወደ ኦክላሆማ ይሄድ ነበር። ዕድል ቀንቷት ሦስተኛ ወጣች፣ ቪጄ ኤጅኮምብንም ወሰደች። አያችሁ? አጭር ሰው አጠገብ ረጅም ሰው ማቆም ርካሽ ነው። የማይኖር ኮከብን ለመሸፈን ግን ሌላ ኮከብ መግዛት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ኮከቡ ሲመጣ መቀመጫ ያጣል።

የአርሰናል ደጋፊዎች እዚህ ላይ እጃቸውን እንደሚያወጡ ይገባናል። ቫን ፐርሲ! ስንት ዓመት በጉዳት ተመላልሶ በ2011-12 ሙሉ ውድድር ተጫወተና 30 የሊግ ጎል አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን አነሳ፤ የሚያሳዝነው በማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ይከፍላል ማለት ነው? አንዳንዴ። ግን ያው የአርሰናል ደጋፊ አቡ ዲያቢንም ያውቃል፤ «በሚቀጥለው ዓመት ጤነኛ ከሆነማ...» እየተባለ ስንት ዝውውር እንደታለፈ ሲያስታውስ ዛሬም ይበግናል። ልዩነቱን የሚወስነው ጸሎት ሳይሆን አካሉ ነው። ቫን ፐርሲ በዚያ ዓመት 28 ዓመቱ ነበር። ኤምቢድ 127 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ፣ ያው የግራ ጉልበቱ ደጋግሞ እየተቀደደ፣ 30ን የተሻገረ ሴንተር ነው። የያኦ ሚንግን መጨረሻ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ሂውስተን በ2008 ያኦ ተጎድቶ ከወጣ በኋላም ማሸነፉን ቀጥሎ 22 ተከታታይ ድል ላይ ደርሶ ነበር፤ ያኦ ግን በ2011 በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

እንግዲህ ክለቡ ይህን ሁሉ እያወቀ ምን አደረገ? በሴፕቴምበር 2024፣ ኤምቢድ በቀድሞው ውሉ ገና ሁለት የተረጋገጡ ዓመታት እያሉት፣ ሌላ የሦስት ዓመት 193 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት። ይህ ውል እስከ 2028-29 ይወስደዋል። ከዚያ በፊት በዚያው ክረምት ለ34 ዓመቱ ፖል ጆርጅ የአራት ዓመት 212 ሚሊዮን ፈርሞ ነበር። ደመወዝ አሰልቺ ርዕስ ነው፣ ግን አንድ ሒሳብ ብቻ ተከተሉን። በ2025-26 የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኤምቢድ 55፣ ጆርጅ 52 ገደማ፣ ታይሪስ ማክሲ 38። ሦስት ሰው፣ 145 ሚሊዮን። ለቀሩት አሥራ ምናምን ሰዎች የሚተርፈውን እናንተው ቀንሱ። ክለቦች ጣሪያውን ማለፍ ይፈቀድላቸዋል፣ ነገር ግን ከ2023 ወዲህ በወጣው ስምምነት ብዙ ያለፈ ክለብ በዝውውርም በድራፍትም እጁ ይታሰራል። ማለትም ኤምቢድ ሳይኖር ብቻ ሳይሆን ሳይኖርም ደመወዙ ይጫወታል።

«ታዲያ ይፍረስና ከዜሮ ይጀመር» የሚሉም አሉ። እነሱንም አንከተልም። ይህች ከተማ ያንን መድኃኒት ጠጥታዋለች። ሳም ሂንኪ የሚባለው ኃላፊ በ2013 መጥቶ «ሒደቱን እመኑ» የተባለውን ዘመን አመጣ፤ ሦስት ውድድር፣ 19 ድል፣ 18 ድል፣ 10 ድል። ከዚያ ሁሉ ሽንፈት ኤምቢድ ተገኘ፣ ቤን ሲመንስ ተገኘ። በ2017 ደግሞ አንደኛ ምርጫ ለማግኘት ከቦስተን ጋር ቦታ ተለዋውጠው ማርኬል ፉልትዝን ወሰዱ፤ ቦስተን በሦስተኛው ጄይሰን ቴተምን። ያው ቴተም በ2023 በሰባተኛ ጨዋታ 51 ነጥብ አስቆጥሮ የኤምቢድን የኮከብነት ዓመት ዘጋው። ከ2019 ወዲህማ ሕጉም ተለውጦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንደኛ የመውጣት ዕድላቸው 14 በመቶ ብቻ ሆኗል። ሆን ብሎ መሸነፍ እንደ ድሮው አያዋጣም።

የእኛ ሐሳብ መሃል ላይ ነው፣ መሃል መሆኑ ግን ለዘብተኛ አያደርገውም። ቤቱ በማክሲና በኤጅኮምብ ይሠራ። በ2020 ድራፍት 21ኛ የተመረጠው ማክሲ ማንም ሳይጠብቀው በ2024 የዓመቱ ታላቅ ለውጥ ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። ፈጣን ነው፣ ይሮጣል፣ በየማታው አለ። አጨዋወቱ፣ ተጫዋች ግዢው፣ የልምምዱ ዕቅድ ሁሉ ኤምቢድ የለም ተብሎ ይነደፍ። ኤምቢድ በቻለ ቀን ይምጣ፣ እንደ ትልቅ እንግዳም ይስተናገድ፤ ግን ምሳው እሱ እስኪመጣ አይጠብቅ። በጥቅምት 2025 ቦስተን ላይ የውድድሩ መክፈቻ ጨዋታ እንደዚያ ነበር። ኤጅኮምብ በመጀመሪያ ጨዋታው 34፣ ማክሲ 40፣ ኤምቢድ በ20 ደቂቃ 4 ነጥብ፤ 117 ለ116 አሸነፉ። አንድ ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፣ እሺ። ግን ቅርጹን አሳይቶናል።

ይሸጥ የሚለውንም አንደግፍም። በዚያ ውል፣ በዚያ ጉልበት፣ ማን ነው ተገቢ ዋጋ የሚሰጠው? «ውሰዱልን» ብሎ የድራፍት ምርጫ መጨመር የሆርፎርድን ስህተት መድገም ነው።

አንድ ነገር ግን ከክርክሩ ውጪ ይሁን። በ2024 ኖቬምበር አንድ የፊላደልፊያ ዓምደኛ የኤምቢድን አለመጫወት ለመተቸት በ2014 በመኪና አደጋ የሞተውን ወንድሙን አርተርንና በወንድሙ ስም የተጠራውን ልጁን በጽሑፉ አነሳ። ኤምቢድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ገፈተረውና ሦስት ጨዋታ ታገደ። መግፈተር ነውር ነው። እኛም ዓምድ እንጽፋለንና የምናውቀው ግን፣ ስለ ሰው ጉልበት ለመጻፍ የሞተ ወንድሙን መቀስቀስ አያስፈልግም። ሰውየው አፍ ያወጣ ሰነፍ አይደለም። በ2024 ከኒውዮርክ ጋር ሲጫወቱ ፊቱ በግማሽ ሽባ ሆኖ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎት 50 ነጥብ አስቆጥሯል። ይህን ያየ ሰው «አይፈልግም» አይልም። ይፈልጋል። አካሉ ነው እንቢ ያለው፤ ለአካሉ ደግሞ ኮንትራት በመጨመር የሚመጣ ፈውስ የለም።

ክለቡ ግን አሁንም ሰዓቱን የሚያየው ከኤምቢድ ግድግዳ ላይ ነው ብለን እንሠጋለን። እኛ የማክሲን ሰዓት እንዲያይ ነው የምንፈልገው። አይቨርሰን በሌከርስ ላይ 48 ያስቆጠረው በጁን 6 ቀን 2001፣ 26ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ማክሲ የተወለደው በኖቬምበር 2000 ነው። የኤምቢድ ውል የሚያልቅበትን የ2029 ክረምት እንጠብቅ ከተባለ ማክሲ 28 ተሻግሮ ወደ 29 እያመራ ይሆናል፤ አይቨርሰን በዚያ ዕድሜው ላይ ብራውንም ሙቶምቦም አጠገቡ አልነበሩም።